ለግድግዳው ካሳ አለ፤ ለሰፈሩስ?

የካዛንቺስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ። ዛሬ ግን አንድ ጉዳይ ላንሳ።

በ2016 የካቲት ፒያሳ መፍረስ ከጀመረች፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ከተከተለች ወዲህ ክርክሩ ሁሉ በሁለት ወገን ነው። አንዱ «ከተማዋ አማረች» ይላል። ሌላው «ታሪካችን ፈረሰ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከመሃል ከተማ የተነሳው ሰው ዳር ወጥቶ ምን ሠርቶ ይበላል?

ካዛንቺስን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከፊት ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን)፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ መሥሪያ ቤት። ከኋላ የቀበሌ ቤት። ከኋላ የሚኖረው ሰው እንጀራው የሚመጣው ከፊት ነበር። ለሠራተኛ ምሳ የሚያዘጋጁ እናቶች፣ ጀበና ቡና፣ ጉሊት፣ ልብስ አጠባ፣ ለሆቴል እንጀራ ማቅረብ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት። ለዚህ ሁሉ ሱቅ መክፈት አያስፈልግም፤ የታክሲም ወጪ የለውም። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱን ጉሊቷ ላይ ያገኛታል። ገንዘብ ሲያጥር ሱቁ በዱቤ ይሰጣል፤ ባለሱቁ ሰውየውን ከነቤተሰቡ ያውቀዋላ። እኔንና እህቶቼን ያሳደገን ይህ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነው ያስተማረችን።

ዛሬ ብዙ ጎረቤቶቻችን ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ናቸው። ሌሎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። የገቡበት ቤት ከነበሩበት ይሻላል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን እዚያ እንጀራ ለማን ይሸጣል? ገዢውም እንደ ሻጩ ተነሺ ነው። መሃል ከተማ ተመልሶ ለመሥራት ደግሞ የደርሶ መልስ ታክሲው የቀኑን ትርፍ ይበላዋል።

ሕጉን አነበብኩት። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት የግል ቤት ያለው ሰው ካሳው የሚሰላው ቤቱን መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ምትክ ቦታም ይሰጠዋል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ያገኛል። መሬቱ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለቦታው ዋጋ አይከፈልም። እሺ ይሁን። ታዲያ ያው ቦታ ተጠርጎ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ በካሬ ሜትር የሚጠራው ብር የምን ዋጋ ነው? ነዋሪው ሲነሳ ቦታው ዋጋ የለውም፤ ባለሀብቱ ሲገባ ዋጋ ያገኛል። ለእኔ የድህነቱና የሀብቱ መራራቅ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው።

እናንተ ምን ትላላችሁ? በተለይ የተነሳችሁ ሰዎች ጻፉ።

ሜሪ ጀሞ

ምንም አልጨምርበትም እህቴ። «ገዢውም እንደ ሻጩ ተነሺ ነው» ያልሽው ልቤን ነካው። እኛ ጊቢ ከሕንፃው ሥር አትክልት የሚሸጡ እናቶች እርስ በርስ ነው የሚገዛዙት።

አርክቴክቱ

በአክብሮት የተለየ ሐሳብ አለኝ። ሙያዬ ስለሆነ በእነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ብዙ ቤት ለክቼአለሁ።

የቀበሌ ቤት እንዴት እንደተፈጠረ እናስታውስ። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለመንግሥት ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ኪራዩ እንዲቀንስ ተደረገና በዚያው ቆመ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን በዚያ ኪራይ ጣሪያ የሚቀይር የለም። ተከራዩ «የኔ አይደለም» ብሎ አይጠግንም። ቀበሌው «ገንዘብ የለኝም» ብሎ አይጠግንም። ጭቃው ተሸረሸረ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። እሳት ቢነሳ መኪና የማይገባበት መንገድ ውስጥ ሕፃናት ይተኛሉ። ይህን ሰፈር «እንዳለ ይቆይ» የሚል ሰው ክረምት ላይ አንድ ሌሊት ይደርበት።

ስለዚህ መፍረሱ አይደለም ጥያቄዬ። ጥያቄዬ ሰውየው የት ይግባ የሚለው ነው። መሃል ከተማ ወደ ላይ መገንባት ከቻልን፣ የነበረው ሰው እዚያው ሕንፃ ላይ የማይገባበት የሙያ ምክንያት የለም። የቀበሌ ቤቶቹ ባለ አንድ ወለል ናቸው። የያዙት ቦታ ላይ አምስት ስድስት ፎቅ ቢቆም ነባሩም ይገባል፣ አዲስም ይገባል።

የልደታ ሰው

አርክቴክቱ፣ ያልከው ነገር ልደታ ላይ ተሞክሯል። ከ2001 በኋላ ሰፈራችን ፈርሶ እዚያው ቦታ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። የሆነውን ልንገርህ።

ቅድመ ክፍያ ተጠየቀ። 20/80 ማለት 20 በመቶውን አሁን አምጣ፣ ቀሪውን በባንክ ብድር ከነወለዱ ክፈል ነው። ጉሊት የምትሸጥ ሴት 20 በመቶውን ከየት ታመጣለች? አንዳንዱ ከዘመድ ተበደረ። አንዳንዱ ዕቁቡን ቀድሞ ወሰደ። አንዳንዱ ደግሞ መክፈል አቅቶት ሌላ የቀበሌ ቤት ልቀይር ብሎ ሄደ። የገባውም ቢሆን ወርሃዊው ክፍያ ሲከብደው ቤቱን አከራየና እሱ ራሱ ርካሽ ሰፈር ክፍል ተከራየ። ኮንዶሚኒየም እስከ አምስት ዓመት መሸጥ ክልክል ነው፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ስለዚህ የባለቤቱ ስም እዚያው አለ፣ ሰውየው የለም። ማታ ማታ መኪና የሚያቆመው ሌላ ሰው ነው።

ከሥር ያሉት ሱቆችስ? በጨረታ ተሸጡ። ሻይ ቤት የነበረው ሰው በዚያ ዋጋ ተጫርቶ አያሸንፍም። ቤቱን በዕጣና በቅድሚያ ትሰጠዋለህ፣ መተዳደሪያውን ግን በጨረታ ትነጥቀዋለህ። ምድር ቤቱ ለነባሩ ነጋዴ በኪራይ ቢሰጥ ኖሮ ብዙ ሰው አይበተንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አርክቴክቱ

ስለ ሱቆቹ ያልከው ትክክል ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ቅድመ ክፍያውን በሚመለከት 10/90 የተባለው ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበ ነበር፤ የተሠራው ግን ከ20/80 ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ለመሃል ከተማ ነባር ነዋሪ ደግሞ ከመግዛት ይልቅ በገቢ ልክ የሚከፈል የመንግሥት ኪራይ ይሻለዋል። ሁሉንም ሰው ባለቤት ካላደረግን የሚለው አባዜ ድሃውን ጎድቶታል።

ዓለም ከአራብሳ

እኔ ተነሺ ነኝ፣ ደስተኛም ነኝ። ይህም ይሰማ።

የኖርኩበት ክፍል ስትዘረጋ አልጋ፣ ስትታጠፍ ሳሎን የምትሆን ነበረች። በር ላይ የፍሳሽ ቦይ አለ። ሁለቱ ልጆቼ በሳል ነው ያደጉት። ማታ ሽንት ቤት መሄድ ለሴት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ወንዶች አታውቁትም። አሁን የራሴ በር አለኝ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ግን ቤቴ ውስጥ ነው። ካርታው ላይ ያለው የኔ ስም ነው። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች መደረጉ ስንቷን ሴት ከባል እጅ እንዳወጣት ልንገራችሁ?

ገቢዬ ቀንሷል፣ አዎ። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ያስለቅሳል። ግን «ይመለስልሽ?» ብትሉኝ አልመለስም። የምፈልገው ሥራውን ወደዚህ እንዲያመጡልኝ ነው። ፋብሪካ ይሁን፣ ገበያ ይሁን፣ የልጆች ማቆያ ይሁን። ሰው አምጥቶ ሥራ አለማምጣት ግማሽ ሥራ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

ዓለምዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንዲህ ያለ መልስ ነው የፈለግኩት። ክብርና ገቢ ለምን ይለያያሉ? የራሷ በር እንዲኖራት ብላ ሥራዋን ማጣት የለባትም።

ወረቀት የሌለው

ስለ ተከራይና ስለ ባለይዞታ ታወራላችሁ። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። ደባል ነበርኩ።

የቀበሌ ቤት ተከራይዋ እማማ አንድ ክፍል ከፍላ አከራየችኝ። ውል የለም። የተከራየችውን ቤት መልሳ ማከራየት ስለማትችል ውል ልትሰጠኝም አትችልም። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ቆጣሪዎች መጡ። እሷን መዘገቡ። እኔን «አንተ ማነህ?» አሉኝ። የሄድኩበት ጽሕፈት ቤት «ፋይል የለህም» አለኝ። እሷ ምትክ ቤት ገባች፤ ደግ ሴት ናት፣ «ና እዚያም አብረን እንኑር» አለችኝ፤ ግን ስቱዲዮ ነው የደረሳት። እኔ ፍራሼን ይዤ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ።

በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚጠብቀው ግን ወረቀት ያለውን ነው። እንደኔ ያለው የቀን ሠራተኛ፣ አስተናጋጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ጫማ ጠራጊ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ተማሪ፣ ሁላችንም በደባልነትና በአልጋ ኪራይ ነበር መሃል ከተማ የኖርነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ቁጥራችን ማንም ጋ የለም። ስንት ሰው ተነሳ ሲባል እኛ አንቆጠርም። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ካሳ ሊጠይቅ አይችልም።

መሃል የቀረው ርካሽ ክፍል በአንድ ጊዜ ሲቀንስ የሌላው ሰፈር ኪራይ ጨመረ። ይህን ከኔ በላይ የሚመሰክር የለም።

ሜሪ ጀሞ

አይዞህ ወንድሜ። ይህን ጉዳይ ማንም አላነሳውም ነበር።

ዲሲ ያለሁት

ከባሕር ማዶ ልጨምር። ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ጀንትሪፊኬሽን ይሉታል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለነው ሐበሾች በሁለቱም በኩል አይተነዋል።

የኛ ሰዎች መጀመሪያ ምግብ ቤት የከፈቱት አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ነበር። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ወረዱ። ዩ ስትሪት ከጥንት የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ሁከት ተቃጥሎ ለዓመታት ሕንፃው ባዶ፣ ኪራዩ ርካሽ ሆኖ ቆየ። ስለዚህ ስደተኛ ገብቶ ሊሠራበት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1991 የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ አዳዲስ አፓርታማ፣ ሀብታም ወጣት፣ ውድ ቡና ቤት መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የኛ ሰዎች 9ኛውና ዩ ያለበትን «ትንሿ ኢትዮጵያ» እናስብለው ብለው ነበር። ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። «ይህ የአያቶቻችን ሰፈር ነው፣ እኛ እየተገፋን እናንተ ስም ታወጡለታላችሁ?» ነው የነገሩ ፍሬ። በጊዜው ብዙ ሐበሻ ተቀየመ። እኔ ግን ተቃውሞው ይገባኛል። እነሱ ከከተማዋ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ከግማሽ በታች ወረዱ። እኛም ብንሆን አልቆየንም። ብዙ ነጋዴ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዷል። ዛሬ ዩ ስትሪት የቀሩት ጥቂት ናቸው።

አንድ ልምድ ግን ከዚህ ይወሰድ። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አንድ ሕግ አለ። ባለቤቱ አፓርታማውን ለመሸጥ ሲፈልግ መጀመሪያ ለተከራዮቹ ማሳወቅና የመግዛት ዕድል መስጠት አለበት። ተከራዮች ማኅበር አቋቁመው፣ ከከተማው ብድር አግኝተው፣ ሕንፃውን የገዙበት አለ። ገንዘብ ከሌላቸውም መብታቸውን ይዘው ከገዢው ጋር ይደራደራሉ፤ «ኪራይ አትጨምር፣ ጣሪያውን ጠግን» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለአንድ ቤተሰብ የሚሆኑ ቤቶች ከዚህ ሕግ ወጥተዋል፤ ለትልልቆቹ ሕንፃዎች ግን ቆይቷል። ዋናው ነገር ድሃው ጠረጴዛው ላይ ወንበር ማግኘቱ ነው።

ሌላም ልበል። ከዚህ የምንልከው ዶላርም አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ያስወድዳል። በኛ አቆጣጠር በ2017 ማብቂያ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ዜጋ ከ150 ሺህ ዶላር ጀምሮ ቤት እንዲገዛ ሕግ ወጥቷል። በዶላር ከሚገዛ ሰው ጋር በብር ደመወዝ የሚኖር አስተማሪ መፎካከር አይችልም።

አርክቴክቱ

የዲሲው ሕግ እንዳለ አይመጣም፤ እኛ ጋ የመሬቱ ባለቤት መንግሥት ነው። ሐሳቡ ግን ይሠራል። ቦታው ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው «እዚያው እንገነባለን» እንዲሉ ጊዜና ብድር ቢሰጣቸው ማለት ነው። ከዚህ በፊት «ራሳችሁ አልሙ» የተባሉ ባለይዞታዎች ነበሩ፤ ግን ፎቅ የመሥራት አቅም ያለው ስንቱ ነው? ባንክ ያላበደረውን ሰው «አልማ ወይ ልቀቅ» ማለት ልቀቅ ማለት ነው።

ጋሽ አራዳ

ልጆቼ፣ እኔ የፒያሳ ሰው ነኝ። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ፤ ሁሉንም በእግሬ አውቃቸዋለሁ።

ይህች ከተማ ስትቆረቆር መኳንንቱ ኮረብታ ኮረብታውን ያዙ። ዙሪያቸውን ጭፍራው፣ አሽከሩ፣ ባለሙያው ሰፈረ። ራስ መኮንን፣ ራስ ብሩ፣ ደጃች ውቤ የምንለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ ጌታና አሽከር ነው። ግን ከዚያ የወረሰችው አንድ ነገር ነበር። ትልቅ ግቢና ጎጆ ጎን ለጎን ነበሩ። ደርግ ቤት ሲወርስ ደግሞ ይበልጥ ተደባለቀ። የዶክተሩ ልጅና የቆሎ ሻጯ ልጅ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ዕድር። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ንፍሮ ይቆነጥራል። ድሃው ልጁን ሥራ የሚያስገባለት ጎረቤት ነበረው። ታሞ ሲወድቅ መኪና ያለው ጎረቤት ነበረው።

አሁን የማየው ገንዘብ ያለው ለብቻው በአጥርና በዘበኛ፣ የሌለው ለብቻው ዳር ላይ ሲሆን ነው። የማይተያይ ሕዝብ አይተዛዘንም። የኔ ስጋት ከሕንፃው ይልቅ ይህ ነው። ሕንፃ ይሠራል።

የኮዬ ልጅ

ጋሼ፣ በርስዎ ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችሁም «ዳር» ትላላችሁ። ያ ዳር የሰው ቤት ነበር።

አያቴ ጤፍና ስንዴ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 የገበሬ ካሳ የሚሰላው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። አሥር ዓመት እንደማለት ነው። መሬቱ ግን ለልጅ ልጅ የሚሆን ነበር። ገንዘቡን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው በአንዴ ተሰጠው፣ አለቀ። ባለርስት የነበረው በገዛ መሬቱ ላይ ዘበኛ ሆነ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ያን ሁሉ ተቃውሞ ያስነሳውና በጥር 2008 የተሰረዘው በዚህ ነው።

ከካዛንቺስ የመጣውን ሰው አልጠላውም፤ እሱም ተገፍቶ ነው የመጣው። ግን መሃሉ ውስጥ ቦታ ማስለቀቅ ርካሽ በሆነ ቁጥር፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው በርካሽ ይነሳል። አንድ ፎቅ ለመሥራት ሁለት ሰፈር ፈረሰ ማለት ነው። ሒሳቡን ስትሠሩ እኛንም አስገቡን።

መምህርት ነኝ

የኮዬ ልጅ፣ የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

እኔ ስለ ተማሪዎች። የካዛንቺሱ ማፍረስ የተጀመረው ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው። ክፍሌ በጥቂት ሳምንት ሳሳ። መሸኛ ለማውጣት የሚሰለፉ ወላጆች፣ «ቲቸር እዚህ ልጨርስ» ብለው ከዳር እየተመላለሱ የሚማሩ ልጆች፤ ጠዋት ሲደርሱ ደክሟቸው ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ። ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ በዓመቱ መሃል ሲነቀል ሚኒስትሪው ላይ ይታያል። ሌላው ሁሉ ቢያቅት ሰኔ እስኪያልቅ መጠበቅ ምን ያህል ከባድ ነው? ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የካዛንቺስ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ዳር» ያልኩትን የኮዬ ልጅ በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል።

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ዕድራችንስ? የኛ ዕድር አባላት አሁን በየአቅጣጫው ነው ያሉት። ዕቃ ቤቱ ፈርሷል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ሰው ቤት ተከማችቷል። ገንዘቡ ባንክ አለ። አንዳንዱ «እንከፋፈል» ይላል። እናቴ ደግሞ «ዕድሜ ልኬን የከፈልኩበት ነው፣ ማን ሊቀብረኝ ነው?» ትላለች። ከዚህ በፊት ያለፋችሁበት እንዴት አደረጋችሁ?

የልደታ ሰው

አትከፋፈሉ። እኛ ጋ የተከፋፈሉ ዕድሮች ነበሩ፤ ብሩ አንድ ወር አልቆየም፣ አዲስ ሰፈር ላይ እንደገና መመዝገቢያ ሲጠየቁ ደግሞ መግቢያው ከበደ።

የኛ እንዲህ ነው ያደረገው። ዋናው ዕድር ስሙንና ሒሳቡን ይዞ ቀረ። ብዙ አባል ባለበት ሳይት ሁሉ አንድ ተጠሪ ተመረጠ። ወርሃዊ መዋጮው በባንክ ወይም በቴሌ ብር ይገባል። ሰው ሲሞት ከፊሉ ገንዘብ ወዲያው ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ ድንኳን ከዚያው ሰፈር በኪራይ ይወሰዳል። ሰልስቱ ላይ አውቶቡስ ተኮናትረን እንሄዳለን። ቀድሞ በእግር እንደርስ የነበረው ለቅሶ አሁን ወጪ አለው፤ ስለዚህ መዋጮው ላይ ለትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ ጨመርን። መተዳደሪያ ደንቡን በጠቅላላ ጉባኤ አሻሽሉና ቃለ ጉባኤውን አስፈርሙ፤ አለበለዚያ ባንኩ ፈራሚ አይቀይርላችሁም።

ወረቀት የሌለው

ደባል የነበረስ መግባት ይችላል?

የልደታ ሰው

እኛ ጋ ይችላል። ዕድር የቤት ቁጥር ሳይሆን መዋጮ ነው የሚጠይቀው። ያለህበትን ሰፈር በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ እዚያ ካለው ተጠሪያችን ጋር አገናኝሃለሁ።